ሰር ቻርልስ ፓርሰንስና ተርቢኒያ የተባለችው ፈጣን ጀልባ

የዓሣ አጥማጅ ጀልባ ፍጥነቷ አላረካ ሲል ባለቤቷ በመጀመሪያ የሚወቅሰው ሞተሩን ነው። ከበፊቱ የበረታ ሞተር ገዝቶ ያስገጥማል፤ ገንዘቡ ይወጣል፤ ነዳጁም ይነዳል፤ ጀልባይቱ ግን ፍጥነቷን ከቀድሞው እምብዛም ሳትለውጥ ትቀራለች። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሞተሩ አይደለም፤ ከጀልባይቱ ጭራ በታች ከውሃው ውስጥ ተሠውሮ የሚሽከረከረው ባለ ክንፍ ብረት፣ ማለትም የፕሮፔለሩ ነው። ለሞተሩ ጉልበትና ለጀልባው መጠን የማይስማማ ፕሮፔለር የተገጠመ እንደ ሆነ የሞተሩ ድካም ሁሉ አረፋ ሆኖ ይቀራል። ይህን እውነት በገንዘቡም በስሙም ከፍሎ የተማረው ዝነኛው መሐንዲስ ሰር ቻርልስ ፓርሰንስ ነበር። በዛሬው እሑድ የምናወጋችሁ የዚህን ሰው ታሪክ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ቻርልስ አልጀርነን ፓርሰንስ በጁን 13 ቀን 1854 በለንደን ከተማ ተወለደ። አባቱ ሎርድ ሮስ በአየርላንድ በቢር ከተማ ግንብ የነበራቸው ታላቅ መኰንን ሲሆኑ፣ እንደ ብዙዎቹ የዘመናቸው መኳንንት በአደንና በግብዣ ብቻ የሚውሉ ሰው አልነበሩም። በግቢያቸው ውስጥ የብረት ማቅለጫ ሠርተው፣ መስተዋቱ 1 ሜትር ከ80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የከዋክብት መመልከቻ በ1845 አቁመዋል። ይህ መሣሪያ ከሰባ ዓመት በላይ በዓለም ላይ በትልቅነቱ አቻ ያልተገኘለት ነበር። እናቱም በፎቶግራፍ ጥበብ ከቀዳሚዎቹ ሴቶች የሚቈጠሩ ናቸው። ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት አልተላኩም፤ አባታቸው ለከዋክብት ጥናት የሚያመጧቸው ሊቃውንት በዚያው በግንቡ ውስጥ ያስተምሯቸው ነበር። ከትምህርቱም ሰዓት በኋላ የልጆቹ መጫወቻ የአባታቸው የሥራ ቤት ነው።

ጨዋታው ግን ሁልጊዜ በሳቅ አልተፈጸመም። ቤተሰቡ በእንፋሎት የሚሄድ ሠረገላ ሠርቶ ነበርና በኦገስት 31 ቀን 1869 በዚሁ ሠረገላ ላይ ሆነው ሲጓዙ የሥጋ ዘመዳቸው ሜሪ ዋርድ ከመታጠፊያ ላይ ወደቀች። የሠረገላው ከባድ መንኰራኵር ሄደባትና ሕይወቷ አለፈ። ቻርልስ በዚያን ጊዜ የ15 ዓመት ልጅ ሲሆን ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ነበር። እንፋሎትን ከዚያ በኋላ አለመፍራቱ ያስደንቀናል።

በደብሊን ከተማ ከተማረ በኋላ ወደ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በ1877 በሒሳብ ትምህርት አሥራ አንደኛ ሆኖ ተመረቀ። የሎርድ ልጅ በዚህ ዓይነት ማዕርግ ሲመረቅ የሚጠብቀው የምክር ቤት ወንበር ወይም የመንግሥት ሹመት ነው። ፓርሰንስ ግን ወደ ሰሜን እንግሊዝ ወደ ኒውካስል ሄዶ በአርምስትሮንግ ፋብሪካ እንደ ማንኛውም ተለማማጅ ወጣት ቱታ ለብሶ፣ እጁን ዘይት እያስነካ ከብረት ሠራተኞች ጋር መሥራት ጀመረ። እኛ ከዩኒቨርሲቲ በቅርቡ የወጣን ሁሉ ይህን የሕይወቱን ክፍል ደጋግመን ብናነበው ጉዳት የለውም።

በ1884 በጌትስሄድ በአንድ ኩባንያ ውስጥ በሸሪክነት ሲሠራ ዓለምን የለወጠውን መሣሪያ፣ የእንፋሎት ተርባይንን፣ አወጣ። ከዚያ በፊት የነበረው የእንፋሎት ሞተር ፒስተኑን ወደፊትና ወደኋላ እየገፋ የሚሠራ፣ የሚንቀጠቀጥና የሚንጓጓ ነበር። ተርባይን ግን አሠራሩ በአገራችን ወንዝ ዳር እንደሚታየው እንደ ውሃ ወፍጮ ነው፤ በውሃ ፈንታ እንፋሎቱ ክንፎቹን እየመታ ዘንጉን ያሽከረክራል። ነገሩ በወሬ ቀላል ይመስላል። ችግሩ እንፋሎት ከታፈነበት ሲለቀቅ ፍጥነቱ ከልክ ያለፈ በመሆኑ ያንን ጉልበት በአንድ ዙር ክንፍ ብቻ ልቀበል የሚል መሣሪያ በገዛ ሩጫው መበጣጠሱ ነበር። ፓርሰንስ ብዙ ተራ ክንፎችን በአንድ ዘንግ ላይ እያከታተለ ደርድሮ እንፋሎቱ ጉልበቱን ከእያንዳንዱ ተራ ላይ በጥቂት በጥቂቱ እየተወ እንዲያልፍ አደረገ። የመጀመሪያው ተርባይን በደቂቃ 18 ሺህ ጊዜ ያህል እየዞረ ኤሌክትሪክ አመነጨ።

ከሸሪኮቹ ጋር ግን አልተስማማም። በ1889 ተለያይቶ በኒውካስል አጠገብ በሂተን የራሱን ፋብሪካ ሲከፍት የፈጠራው መብት በእነሱ እጅ ቀረ። የገዛ ልጁን ከቤት አስወጥተው በር እንደ ዘጉበት አባት ሆኖ፣ እንፋሎቱ በሌላ አቅጣጫ የሚሄድበትን ሌላ ዓይነት ተርባይን ለመሥራት ተገደደ። መብቱን መልሶ ያገኘው በ1894 ነው። በዚያው ዓመትም ተርባይኑን በመርከብ ላይ ለመግጠም ኩባንያ አቋቋመ።

የመጀመሪያው ሥራው የጀልባዋን ቅርጽ መምረጥ ነበር። ለዚህም 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያላት ትንሽ ሞዴል ሠርቶ በኩሬ ላይ በዓሣ ማጥመጃ በትርና ገመድ እየጎተተ ውሃው ምን ያህል እንደሚከለክላት መረመረ። ቀጥሎ ከዚያች የምትበልጥ፣ በተጠመዘዘ ጎማ የምትሄድ ሁለተኛ ሞዴል ሠራ። የሎርድ ልጅ፣ የፋብሪካ ጌታ፣ የ40 ዓመት ሰው ከኩሬ ዳር ቆሞ መጫወቻ ጀልባ በክር ሲጎትት ያየው መንገደኛ ምን ብሎ ይሆን?

እውነተኛይቱ ጀልባ ተርቢኒያ ተብላ በኦገስት 2 ቀን 1894 ታይን በሚባለው ወንዝ ላይ ወረደች። ርዝመቷ 30 ሜትር ተኩል ያህል፣ ወርዷ ግን 2 ሜትር ከ70 ብቻ ሲሆን፣ ክብደቷ 44 ቶን ተኩል ነበር። እንደ መርፌ የቀጠነች ስለ ነበረች ለፍጥነት ብቻ እንጂ ለሌላ ነገር እንዳልተሠራች ለሚያያት ሁሉ ግልጽ ነው። በኖቬምበር ወር ሞተሯ ተነሥቶ የመጀመሪያው ሙከራ በተደረገ ጊዜ ግን ተስፋው ሁሉ ውሃ በላው። ተርባይኑ በኃይል ይዞራል፤ ፕሮፔለሩም አብሮት ይዞራል፤ ጀልባይቱ ግን እንደታሰበው አትፈተለክም። ፓርሰንስ ፕሮፔለሩን ለወጠ፤ እንደገና ለወጠ፤ በአንዱ ዘንግ ላይም ሦስት ፕሮፔለሮችን አከታትሎ ገጠመ። ይህ ሁሉ ተደርጎ የተገኘው ፍጥነት 20 ኖት እንኳ አልሞላም። አንድ ኖት በሰዓት 1 ሺህ 852 ሜትር ነውና በሰዓት ከ37 ኪሎ ሜትር በታች መሆኑ ነው። እንዲህ ያለውን ፍጥነት የድሮው ሞተርም ይሰጣል።

ፓርሰንስ በዚህ ጊዜ ጥፋቱ የተርባይኑ ነው ወይስ የፕሮፔለሩ ብሎ ራሱን ጠየቀ። ጥፋቱ የተርባይኑ ከሆነ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። በግምት ከመፍረድ ይልቅ ዘንጉ የሚቀበለውን ጉልበት የሚለካ ባለ ሞላ መሣሪያ በራሱ ሐሳብ ሠርቶ በጀልባይቱ ላይ ገጠመና ለካ። ተርባይኑ የተጠየቀውን ጉልበት በሙሉ ይሰጥ ነበር። ያንን ጉልበት ተቀብሎ የሚያባክነው ፕሮፔለሩ ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ ስለ ፕሮፔለር ጥቂት መናገር ይገባናል። ፕሮፔለር በውሃ ውስጥ እንደሚገባ ቪቲ ነው። ቪቲ በእንጨት ውስጥ በአንድ ዙር የጥርሱን ያህል ወደፊት እንደሚገባ ሁሉ፣ ፕሮፔለርም በክንፉ ዝንባሌ መጠን በአንድ ዙር የሚጓዘው ርቀት አለ። ነገር ግን ውሃ እንደ እንጨት ጠንካራ ስላልሆነ ጥቂቱ ይንሸራተታል። ዝንባሌው ካነሰ ሞተሩ በከንቱ ይሮጣል፤ ከበዛ ሞተሩ ታንቆ ይደክማል። ስፋቱም ቢሆን እንደዚሁ ነው፤ ሰፊ ፕሮፔለር በዝግታ ብዙ ውሃ ሲገፋ ትርፉ ይበዛል፤ ትንሹ ግን በፍጥነት ካልዞረ ጉልበት የለውም። የዓሣ አጥማጁ ጀልባ ሞተር በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ሳይታወቅ ፕሮፔለር መግዛት የሰውየውን እግር ሳይለኩ ጫማ እንደ መግዛት ነው። በተርቢኒያ ላይ ደግሞ ተርባይኑ የሚዞረው ከሌላው የመርከብ ሞተር ሁሉ እጅግ በበለጠ ፍጥነት ነበርና ከሚያሽከረክረው ዙር ግማሽ ያህሉ በመንሸራተት ይጠፋ ነበር።

ለምን ይህን ያህል ተንሸራተተ? ምክንያቱ ከፍላት ጋር የተያያዘ ነው። በአዲስ አበባ ሽሮ የሚሠሩ እናቶች እንደሚያውቁት በደጋ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ ምግቡ ግን ይዘገያል። ይህም የሆነበት ምክንያት የአየሩ ግፊት አነስተኛ በመሆኑ ውሃው 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ነው። ግፊቱ እጅግ አድርጎ ከቀነሰ ቀዝቃዛ ውሃም ይፈላል። ፕሮፔለር ከልክ በላይ ሲፈጥን በክንፉ ጀርባ ያለው ውሃ ይሳባል፤ ግፊቱም ይወድቃል፤ ቀዝቃዛው የባሕር ውሃ በዚያው ቦታ ፈልቶ የእንፋሎት ጉድጓድ ይሆናል። ክንፉም የሚገፋው ውሃ አጥቶ በባዶ ይዞራል። ይህ ነገር በእንግሊዝኛ ካቪቴሽን ተብሏል፤ ቃሉን ያወጣው ሮበርት ፍሩድ የተባለ የመርከብ ሊቅ ነው። ዴሪንግ በምትባል የጦር ጀልባ ላይም ከጥቂት ጊዜ በፊት ታይቶ ነበር። እሷም የፕሮፔለሯ ክንፎች ስፋት ከግማሽ ትንሽ ባነሰ ከተጨመረላት በኋላ ፍጥነቷ ከ24 ኖት ተነሥቶ 28 አልፏል። ሞተሯ ግን ያው የቀድሞው ነበር።

ፓርሰንስ ሌሎች የተናገሩትን ከመቀበል ይልቅ በዓይኑ ለማየት ፈለገ። በ1895 ውሃ በውስጡ የሚዞርበት ትንሽ የመዳብ ሣጥን አሠርቶ በመስኮት የሚታይ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ፕሮፔለር አስገባበት። ውሃው በቀላሉ እንዲፈላለት አስቀድሞ ወደ መፍላት እስኪቃረብ ድረስ አሞቀው። ፕሮፔለሩ ሲዞር ለዓይን ጭጋግ ብቻ ስለሚሆን ደግሞ በአንድ ዙር አንድ ጊዜ ብቻ ብልጭ የሚል ብርሃን በመስተዋት እያበራ ፕሮፔለሩ የቆመ መስሎ እንዲታየው አደረገ። በዚያ ሣጥን ውስጥ አረፋው ከክንፉ ጫፍ ሲወለድ፣ ሲያድግና ክንፉን ሲሸፍን ተመለከተ፤ ፎቶግራፍም አነሣው። ከሥራዎቹ ሁሉ እኛ ብልጫ የምንሰጠው ለዚህ ሣጥን ነው። ጀልባይቱን ሰው ሁሉ ያደንቃታል፤ እሷን ያዳነውን የመዳብ ሣጥን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

ከዚህ በኋላ ሥራው ቆራጥነት ብቻ የሚጠይቅ ሆነ። በ1896 የጀልባይቱን ሆድ ባዶ አድርጎ አንዱን ተርባይን አወጣና በሦስት ተካው። እንፋሎቱ ከአንዱ ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው እያለፈ ይሠራል። ሦስቱም ለየራሳቸው ዘንግ አላቸው። በእያንዳንዱም ዘንግ ላይ ሦስት ሦስት፣ በድምሩ ዘጠኝ ፕሮፔለሮች ገጠመ። ጉልበቱ በዘጠኝ ተከፍሎ የእያንዳንዱ ክንፍ ሸክም ቀለለ፤ ውሃውም መፍላቱን ተወ። በዲሴምበር ወር ተርቢኒያ 30 ኖት ልትሞላ ጥቂት ቀራት። በ1897 ጸደይ ፕሮፌሰር ዩዊንግ ከውጭ ተጠርተው በለኩ ጊዜ 32 ኖት አለፈች፤ ከዚያም 34 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 63 ኪሎ ሜትር ያህል ደረሰች። በዚያን ጊዜ በዓለም ባሕር ሁሉ የሚቀድማት መርከብ አልነበረም።

ይህን ሁሉ የባሕር ኃይል ሹማምንት አይተው እንዲያምኑ ማድረግ ሌላ ሥራ ነበር። በጁን 26 ቀን 1897 ንግሥት ቪክቶሪያ የነገሡበት 60ኛ ዓመት ሲከበር ከ160 በላይ የሆኑ የእንግሊዝ የጦር መርከቦች በስፒትሄድ ተሰልፈው ልዑል አልጋ ወራሹና የውጭ አገር እንግዶች ይጐበኟቸው ነበር። በዚህ ታላቅ ሰልፍ መካከል ተርቢኒያ እንደ ቀስት ተወርውራ ገባች። መሪውን ክሪስቶፈር ሌይላንድ የተባለ ጓደኛው ይዞ ሳለ ፓርሰንስ ከታች ከሞተሩ ዘንድ ነበር። ጠባቂ ጀልባዎች ሊይዟት ቢነሡም አንዳቸውም አልደረሱባት። የዚያን ዕለት ታሪክ የሚነግሩ ሰዎች የሎርዱን ልጅ ድፍረት ማጋነን ይወዳሉ። በእኛ አስተያየት ግን ከድፍረቱ በስተጀርባ ሁለት ዓመት ተኩል የመረረ ልኬት አለ።

የባሕር ኃይሉም ቫይፐር የተባለች ፈጣን የጦር መርከብ በተርባይን እንድትሠራ አደረገ፤ በተርባይን የተሠራችውን ኮብራ የተባለች ሌላ ፈጣን መርከብም ገዛ። ቫይፐር 36 ኖት አለፈች። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ጨለማ ነው። በኦገስት 3 ቀን 1901 ቫይፐር በጭጋግ ውስጥ በኦልደርኒ ደሴት አጠገብ ከቋጥኝ ጋር ተጋጭታ ጠፋች፤ ሰዎቿ ተረፉ። ሰባት ሳምንት ሳይሞላ በሴፕቴምበር 18 ቀን ኮብራ ከኒውካስል ወደ ደቡብ ስትጓዝ በማዕበል መካከል ለሁለት ተሰበረች። 67 ሰዎች ሲሞቱ የዳኑት 12 ብቻ ነበሩ። ከሞቱት መካከል ፓርሰንስ ለዓመታት አብሮ የሠራቸው የገዛ ፋብሪካው ሰዎች ይገኙባቸዋል። የጦር ፍርድ ቤቱ የመርከቧ አካል ደካማ እንደ ነበረ እንጂ ተርባይኑ ጥፋት እንዳልነበረበት ወሰነ። ሆኖም የሚወዱትን የሥራ ጓዶች በገዛ ፈጠራቸው ላይ አሳፍረው መላክና አለመመለሳቸውን መስማት በፍርድ ቤት ውሳኔ የሚቀልል ኀዘን አይደለም።

በዚያው በ1901 ኪንግ ኤድዋርድ የተባለች የመንገደኞች መርከብ በስኮትላንድ ክላይድ ወንዝ ላይ በተርባይን መሥራት ጀመረችና ግማሽ ምዕት ዓመት አገለገለች። በ1906 ድሬድኖት የተባለችው ታላቅ የጦር መርከብ በተርባይን ተሠራች። በ1907 ሞሬታኒያ ወጣች። ሞሬታኒያም ባለ አራት ክንፍ ፕሮፔለሮች ከተገጠሙላት በኋላ በ1909 የአትላንቲክን ውቅያኖስ በፍጥነት የማቋረጥን ክብር ወስዳ እስከ 1929 ድረስ ማንም ሳይቀማት ቆይታለች።

ፓርሰንስ ግን የፕሮፔለሩ ነገር ገና ልቡን ይከነክነው ነበር። ተርባይን መሮጥ ይወዳል፤ ፕሮፔለር ደግሞ ዝግታ ይስማማዋል። አንዱን ለማስደሰት ሁለተኛውን ማስቀየም የግድ ነበር። ፈጣን ላልሆኑት የጭነት መርከቦች ተርባይን ያልተስማማው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ በ1887 የተሠራች ቬስፔዥያን የተባለች አሮጌ የጭነት መርከብ ገዛ። አስቀድሞ በነበረው በአሮጌው ሞተሯ ፍጆታዋን በጥንቃቄ አስለካ። ከዚያ ያንኑ ፕሮፔለርና ያንኑ ማፍያ ሳይነካ ሞተሩን ብቻ አውጥቶ በጥርስ የሚያያዝ ተርባይን ገጠመላት። ጥርሶቹ የተርባይኑን ዙር 20 እጥፍ ያህል ቀንሰው ለፕሮፔለሩ ይሰጡታል። በ1910 የታወቀው ውጤት ከድንጋይ ከሰሉ 15 በመቶ ያህል መቆጠቡ ነበር። የዛሬው ዓሣ አጥማጅ ከጀልባው ሞተር በታች የተገጠመው ማርሽ የሚሠራው ይህንኑ ሥራ ነው።

በእርጅናው ዘመን እንኳ አረፋውን አልተወውም። የትላልቅ መርከቦች የነሐስ ፕሮፔለሮች እንደ ተበላ ጥርስ ይቦረቦሩ ነበርና ምክንያቱን እንዲመረምር ተጠይቆ፣ የእንፋሎቱ አረፋ ሲደፈን ውሃው እንደ መዶሻ ብረቱን እንደሚመታው በ1919 ከባልደረባው ጋር አስረዳ። በሌላ በኩል ብዙ ዓመትና ብዙ ገንዘብ ያፈሰሰበት አንድ ሥራ አልተሳካለትም፤ እሱም በሰው እጅ አልማዝ መሥራት ነው። ከሰልን በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት አስጨነቀ፤ ጥይትም ተኰሰበት። በመጨረሻ እሱም ሆነ ሌላ ሰው እስከዚያ ጊዜ አልማዝ አለመሥራቱን በግልጽ አመነ። ሰው ሠራሽ አልማዝ በአሜሪካ የተገኘው እሱ ከሞተ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1954 ነው።

በ1883 ካትሪን ቤተልን አግብቶ ሁለት ልጆች ወልዷል። ልጁ ራቸል በጦርነቱ ጊዜ በፋብሪካው በወንድሟ ቦታ ተተክታ ሠርታለች፤ በ1919 የተቋቋመው የሴቶች መሐንዲሶች ማኅበርም የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆናለች። አንድ ወንድ ልጁ ግን በ1918 በፈረንሳይ የጦር ግንባር ሞተ። በ1911 ሰር ተብሎ ተሾመ፤ በ1927 ደግሞ ከዚያ በፊት ለማንም መሐንዲስ ያልተሰጠውን የክብር ኒሻን ተቀበለ። በፌብሩዋሪ 11 ቀን 1931 ለዕረፍት በመርከብ ሲጓዝ ጃማይካ ደሴት ኪንግስተን ወደብ ላይ በ76 ዓመቱ ዐረፈ። አስከሬኑ ወደ አገሩ ተመልሶ በኖርተምበርላንድ በኪርክዌልፒንግተን ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

ተርቢኒያም የራሷ መከራ ደርሶባታል። በ1907 ከማዶ ዳር ወደ ወንዙ የወረደ አዲስ መርከብ ገጭቷት ለሁለት ሊከፍላት ጥቂት ቀርቶት ነበር። በኋላም ከሁለት ተቈርጣ ከፊሏ በለንደን፣ ከፊሏ በኒውካስል ለዓመታት ተለያይታ ኖረች። አሁን እንደገና ተጋጥማ በኒውካስል በዲስከቨሪ ሙዚየም ትታያለች። ያችም የመዳብ ሣጥን በዚያው ከተማ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ተጠብቃ ትገኛለች።